ውሃውን የሚቀሰቅሱት አያቴ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ለቅሶው ላይ ስለ አያቴ መናገር ስላፈርኩ ነው የምጽፈው።

አያቴ በግድቡ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሐይቁን ፎቶ የሚያነሳ አንድ አብራሪ፣ ክንፏ ሸራ የሆነ፣ ከሥሯ ጀልባ የታሰረላት ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ይመጣል። ድምጿ ሲሰማ አያቴ ምሳቸውን ትተው ይነሱና "ውሃውን ልቀስቅስለት" ይላሉ።

"አባዬ፣ ይብሉ እንጂ! ውሃ ይተኛል እንዴ?" እናቴ ትስቃለች።

"ጸጥ ሲል ከላይ ለሚያየው መስታወት ነው፤ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። አብራሪው ልጅ ይከሰከሳል።"

ከዚያ ጀልባቸውን እየቀዘፉ የሚያርፍበትን ውሃ ያናውጡለታል። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ፎጣቸውን መቅዘፊያው ላይ አስረው ያውለበልባሉ፤ አብራሪውም ነፋሱ ከጎን እንዳይመታው ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይወርዳል።

ታመው የተኙ ጊዜ ድምጿን ከሁላችን ቀድመው ሰሙና እኔን ላኩኝ። መቅዘፍ አልችልም። ጀልባዋ እዚያው ዳር ላይ ዞረችብኝ፤ መሃሉ ንቅንቅ አላለም። አውሮፕላኗ ዝቅ አለች፣ እንደገና ተነሳች፣ ሄደች። ስመለስ የእናቴን ልቅሶ ከደጅ ሰማሁ።

አሁን ጀልባዋ ዳር ላይ ተደፍታለች። አውሮፕላኗ ትመጣለች፣ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ያን ቀን ከቤት ስወጣ አያቴ ያሉኝ ይህን ነበር፦

"አይዞሽ እሙዬ፣ ቀስ ብለሽ ቅዘፊ። አንቺን ሳያይ አይወርድም።"