አክስቴ የያዙት ቦታ

ዛሬ የአባቴ ታላቅ እህት ፋጡማ ከቤታችን ሲወጡ የቀሚሳቸው ኋላ በቀይ ጭቃ ተለቅልቆ ነበር፤ ያላወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ማሽላ ይከመርበት የነበረውን፣ ወለሉ የተፈረፈረውን ጓዳችንን የስፌት ክፍል ልናደርገው ቀይ አፈር በጋሪ አስመጣን። ከእናቴ ጋር ወለሉንም መደቡንም ለቀለቅን።

አክስቴ «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ቀሩ። (ሰርግ ሲኖር አሟቸው አያውቅም።)

እጃችንን ታጥበን ስንመለስ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማሻአላህ! አሁን መድረሴ ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ቦታ ግን የኔ ናት፤ ብርሃን አላት።»

መደቡን አየነው። በሩ አጠገብ፣ ባልደረቀው ጭቃ ላይ፣ ሰፊ መቀመጫ ታትሟል።

እናቴ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ቦታዋማ የእርስዎ ናት፤ ልክዎንም ወስዳለች» አለች።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወጡ።

እናንተስ ቤት፣ ሥራ ሲጀመር ታሞ ሲያልቅ የሚድን ዘመድ የለም?