ምኑን ነው የማትችለው?

አጎቴ፣ አንድ ልጅ «አይችልም» ሲባል ከሰሙ፣ ምኑን እንደማይችል ሳይጠይቁ አያልፉም ነበር።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሁለተኛ ክፍልን ደግሜ ስወድቅ፣ አባቴ «ጋሼ፣ ትምህርት አልሆናትም፤ ላስቀራት ነው» አላቸው።

«ምኑን ነው የማትችለው?»

አጎቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። አጠገባቸው አስቀምጠው የፈተናውን ጥያቄዎች አነበቡልኝ፤ ሁሉንም በቃሌ መለስኩ። ራሴ እንዳነበው ሲሰጡኝ ግን ፊደሎቹ ተምታቱብኝና አለቀስኩ።

«ትምህርቱንማ ታውቀዋለች፤ የቸገራት ንባቡ ነው» አሉት።

ትምህርት ቤት ሄደው ፈተናው እየተነበበልኝ እንድፈተን አስፈቀዱ። ንባቡን ራሳቸው አስተማሩኝ።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። አጎቴ በተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ማንበብ ያቃታት ተማሪ ገጠመችኝ። ላማክራቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ፤ መሞታቸው ትዝ ያለኝ በራቸውን ተቆልፎ ሳገኘው ነው።