የጎን በሩ ለማን ነው?

ባለፈው እሁድ ለቡ፣ ቤት ልንሠራበት ባጠርነው መሬት ላይ፣ ግንበኞቹ ችካል ተክለው፣ ሲባጎ ወጥረው የመሠረቱን መስመር በኖራ ሲያሰምሩ ነፋስ መጣና አንድ እፍኝ ነጭ ብናኝ አፍንጫዬ ውስጥ ሞጀረው። ባሌ ስልኩን ደቅኖ «ይቺ መኝታ ቤት፣ ይቺ ኪችን» እያለ የመሐንዲሱን ፕላን ያስረዳኛል፤ እኔን ግን ያ ጉሮሮ የሚከረክር የኖራ ሽታ ይዞኝ ላፍቶ ገብቷል። የዛሬዋ ፎቅና ሱቅ የተጠቀጠቀባት ላፍቶ አይደለችም፤ በግራም በቀኝም ጤፍ የሚታጨድባት፣ ታክሲው «ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ» ብሎ የሚያራግፈን፣ የቀረውን መንገድ ጫማችን ጭቃው ውስጥ እየቀረ የምንዳክርባት ላፍቶ ናት።

ያኔ የምንኖረው መካኒሳ ነበር፣ በመጋረጃ ለሁለት በተከፈለች አንዲት የኪራይ ክፍል፤ ከመጋረጃው ወዲህ እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አባቴና እናቴ፣ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ቧንቧ በከፈትን ቁጥር ጉሮሯቸውን የሚጠርጉት አከራያችን። አባቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ስለነበር ከወሩ ግማሹን ፊልድ ነው። እናቴ አስካለ ደግሞ መጠርጠር ሙያዋ ነበር ብል አላጋነንኩም። «ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ትደግማታለች። ወፍጮ ቤት በርበሬዋ እስኪፈጭ ከማሽኑ ዓይኗን አትነቅልም፤ ሥጋ ቤት የምታየው ሚዛኑን ሳይሆን የባለ ሥጋ ቤቱን አውራ ጣት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት የሾፌር ሚስት ስትሆን የሚመጣውን አስቡት።

አባቴ በማኅበር ተደራጅቶ ላፍቶ መሬት ሲደርሰው ግን ደስታው ጥርጣሬዋን አስረስቷት ሰነበተ። ግንበኛው ጋሽ ደምሴ ቤታችንን በኖራ ያሰመረ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንም ልናየው ሄድን። ነጭ መስመርና ሣር ነው፣ ሌላ ምንም የለም፤ ለእኛ ግን ቤት ነበር። ወንድሜ በግድግዳ በኩል ዘሎ ሳሎን ሲገባ እናቴ «አንተ ባለጌ፣ በበር ግባ!» ብላ ጮኸችበት፤ ከልቧ ነው። እኔ የልጆች መኝታ ቤት በተባለው ሣር ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ጣሪያዬን፣ ማለት ሰማዩን አያለሁ። እናቴ ጓዳዋ ውስጥ ቆማ የዱቄቱ በርሜል እዚህ፣ የሽንኩርቱ መደርደሪያ እዚያ እያለች በእጇ አየሩን ትደለድላለች። ወይ ጉድ፣ ያን ቀን እንዴት ያለ ሀብታም ነበርን!

ከዚያ ድንገት ቆመች። ከሳሎኑ ጎን አንዲት ክፍል ተሰምራለች። ወደ ሳሎን አትከፈት፣ ወደ ጓዳ አትከፈት፤ በሯ በግቢው ጎን፣ በቀጥታ ወደ ውጭ ነው።

«ይቺስ የማን ናት?»

«የእንግዳ» አለ አባቴ፣ የተወጠረውን ሲባጎ እንደገና እየወጠረ።

«እንግዳ በጎን በር ነው እንዴ የሚገባው?»

አባቴን ሳል ያዘው። መዋሸት አይሆንለትም ነበር፤ ሊዋሽ ሲል ሳል ይቀድመዋል፣ ይህን ደግሞ እናቴ ቀርቶ አከራያችንም ያውቃሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ምርመራ ክፍል ሆነ። ከፊልድ ሲመለስ ኮቱን ታሸታለች፣ ከዚያ የጫማውን ጭቃ ቀለም ታያለች። መኪና ተበላሽቶብኝ ነው የዘገየሁት ካላት የትኛው ዕቃ ነው ትለዋለች፤ በማግስቱ ጋራዥ የሚሠራው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄዳ ያ ዕቃ እንዲህ በቀላሉ የሚበላሽ መሆኑን ታጣራለች። ወደ ቡታጅራ መስመር በወጣ ቁጥር እንደሚያመሽ የደረሰችበት ያን ሰሞን ነው። ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ይወዱ ነበር። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል አስካለዬ፤ እኔ ብሆን ያን በር ሳይከፈት ነው የምደፍነው» ይሏታል፤ እናቴም ተክዛ የክፍሏን ነገር እንደገና ከመጀመሪያው ታወራላቸዋለች።

በመጨረሻ አንድ ቀን እኔን አስከትላ፣ ቆሎ በፌስታል ይዛ ላፍቶ ወረደችና ጋሽ ደምሴን ብቻውን አገኘችው። ስለዚያች ክፍል ስትጠይቀው ቆሎውን እየቆረጠመ ብዙ አንገራገረ። «ኧረ እኔ ምን አውቄ እትዬ! ደረጃ መውጣት የሚከብደው ሰው አለ፣ ደጃፏን ከመሬት እኩል አድርግልኝ ነው ያሉኝ።»

እናቴ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «ነፍሰ ጡር ናታ! ድረስ የኔ ጌታ፣ እርጉዝ ናት!» አለች። ጋሽ ደምሴ ቆሎው ትን አለው።

ያን ዕለት አባቴ ከሥራ ሲገባ እራት እንኳ አላቀረበችለትም። እኔና ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንሰማለን። ወልደህባት እዚሁ ጎኔ ልታስቀምጣት ነው ወይ አለችው፤ ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ እገባለሁ አለችው። እናቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ከቡታጅራ ወዲያ ገጠር ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። እኔ አባቴን ጥለነው ስንሄድ፣ እሱ ደጅ ቆሞ ሲቀር ታየኝ፤ እንዲክድላት ጸለይኩ፣ ብቻ ሳል እንዳይቀድመው።

«ይህን ሁሉ ዓመት ኖረሽ እንዲህ ነው የምታውቂኝ?» አላት።

«እንግዲያው ተናገራ! ለማን ነው?»

አባቴ አልሳለም። እናቴ ለዝምታው የራሷን ትርጉም ሰጥታ ማልቀስ ጀመረች። በሚቀጥለው እሁድ ላፍቶ ወሰደንና እናቴ ፊት ያቺን ክፍል በጫማው እየፋቀ አጠፋት፤ ኖራው ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ግራጫ ሆነ። «ይኸው፣ ሳሎንሽ ይስፋልሽ» አላት። እናቴ አሸነፈች። ቤቱ ተሠርቶ ስንገባ ከሰፈሩ ሳሎን እንደኛ የሰፋ አልነበረም፤ የዕድሩ ስብሰባ እኛ ቤት፣ የጎረቤት ሽምግልና እኛ ቤት ሆነ፣ እሷም በኩራት ወንበር ስትደረድር ትውላለች።

ገብተን ዓመት ሳይሞላን አያቴ አረፉ። ታመው እንደተኙ ከእኛ ያወቀ እንኳ አልነበረም። ሁላችንም ወርደን ለቅሶው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ጎረቤታቸው ጋሽ ሽብሩ እናቴን ሊያጽናናት መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። «አይዞሽ ልጄ፣ ባልሽ እንደሆነ ከልጅ በላይ ነው የሆነላት» አላት። «በዚህ ባለፈ ቁጥር ነይ ግቢ እያለ ደጅ ጠናት። አማት በአማቿ በር እየገባች እየወጣች ስትጦር አገሩ ምን ይላል፣ ነውር ነው፣ አልሆነም አለች። ኋላ ግን ጉልበቷም እምቢ አላት፤ ለራሴ የምገባበት በር ካለኝ ይሁን፣ ብቻ ቁርጤን ሳልነግርህ አስካለ እንዳትሰማ፣ እሷ ካለቀሰችብኝ ተሸንፌ ነው የምመጣው ብላ በማርያም አስማለችው። ቁርጧን ነግራው እሺ ያለችው እሱ ክፍሉ ቀርቷል፣ ከኋላ ሌላ እስክሠራ ይታገሡኝ ብሎ በመጣ ጊዜ ነው። አልደረሰችበትም እንጂ።»

እናቴ ለቅሶዋ ቆመ። ከወንዶቹ መሐል የተቀመጠውን አባቴን ፈልጋ አየችው፤ ተነስቶ መጣ።

«ምነው? መሐላው ይቅር፣ ምነው ቢያንስ አንድ ቃል ብትተነፍስልኝ?» አለችው።

«ብነግርሽስ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ታምኚኝ ነበር?»

«እንጃ» አለች፣ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እንደገና ማልቀስ ጀመረች፤ ይኼኛው ለቅሶ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ዛሬ አባቴም የለም። እኔ አያት እንዳለው ልጅ ተሞላቅቄ አላደግሁም፤ በሕይወት ሳሉ ገጠር ወስዶ ያሳየን አልነበረምና አያቴ ተቆጪ ይሁኑ ተጫዋች፣ ልጅ ጭናቸው ላይ ሲወጣ ይወዱ ይጠሉ አላውቅም፣ እናቴም ስማቸው ሲነሳ ወሬ ትቀይራለች፣ በዚህም እስካሁን እናደዳለሁ። እናቴ አሁንም ላፍቶ እዚያው ቤት ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «አቤት ሳሎናችሁ ሲሰፋ!» ይላል፤ እሷ ያን ጊዜ ወጡን ልየው ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች። ሶፋ ገዛንላት፣ ምንጣፍ ገዛንላት፤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አጨናንቃ አባቴ ኖራውን በፋቀበት ጎን አንዲት በርጩማ እንኳ አታስቀምጥም። ለምን ስንላት ያ ጎን ይቀዘቅዛል ትላለች። የጠዋት ፀሐይ የሚገባው ግን በእሱ በኩል ነው።