ሰዓዳ በጨረቃ ሚዛን

ባለፈው እሑድ ቆቦ፣ እህቴ ሰዓዳ ቤት ምሳ በልተን እንደጨረስን ልጇ ሐያት ስልኳን አውጥታ የቤተሰቡን ክብደት በየፕላኔቱ ማስላት ጀመረች። እኔ ጨረቃ ላይ አንድ ጠቦት አክላለሁ። ማርስ ላይ ከሲሶዬ ጥቂት ከፍ እላለሁ። ሳተርን ያን ሁሉ ግዝፈት ይዞ የሚስበኝ እንደ ምድር ያህል ነው። ግዙፍ ሁሉ ጉልበተኛ አለመሆኑን መስማት በዘመነ ደርግ ላደገ ሰው ደስ ይላል።

ሰው ጨረቃ ሲባል ፍቅር ይታየዋል። ለእኔ የሚታየኝ ሚዛን ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ቆቦ ተማሪ ነበርኩ። ማሽላው እንደቆመ ደርቆ የራያ ሜዳ አቧራ ብቻ ሲያነሳ፣ እናቴ ትንሿን ሰዓዳን አዝላ ከሮቢት በኩል በእግሯ መጣች። እርዳታ ጣቢያው ደጃፍ ተቀበልኳቸው። እዚያ ሕፃናት ሱሪ በመሰለ ጨርቅ ከሚዛን ይንጠለጠላሉ። ክብደቱ ሚዛኑ ላይ ከተሰመረው መስመር በታች የወረደ አምባር ይታሰርለትና ፋፋ ይበላል፤ ያልወረደ ወደመጣበት ይመለሳል። እናቴ ይህን አታውቅም። ልጅን አጎሳቁሎ እንግዳ ፊት ማቅረብ ነውር ነውና፣ መንገድ ላይ የመጨረሻዋን ጭብጥ ቆሎ አብልታ፣ ውሃ እስኪበቃት አጠጥታ፣ ጨሌዋን ሁሉ አንገቷ ላይ አስራ ነበር ያመጣቻት።

መዛኙ ወጣት ጤና ረዳት የሚዛኑን ቀስት አየ። "እናት፣ ይቺ ደህና ናት። ትንሽ ስትከሳ ያምጧት።"

"ከዚህ በላይ ከከሳች ምኗን ላምጣልህ ልጄ?"

ሰልፉ ገፍቶ አስወጣን። ግራ ሲገባኝ የሳይንስ ትምህርቴ መጣብኝ። "እማ፣ ይኼ ሚዛን እኮ ጨረቃ ላይ ቢሰቀል የክብደቷን አንድ ስድስተኛ ነው የሚያሳየው።"

"ጨረቃ ላይ ፋፋ ያድላሉ?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"እንግዲያው እዚሁ እናቅልላት።"

ጨሌውን ፈታች። የልጅቷን ቀሚስ አወለቀችላት። ምላጭ ለምና ቁንጮዋን ላጨቻት። ግራር ሥር አስቀምጣ የጠጣችው ውሃ እስኪወጣላት ጠበቀች። የቀረው በቆዳ የተሰፋው ክታብ ነበር፤ በእኔና በሰዓዳ መሃል የወለደቻቸውን ስለቀበረች፣ ክታቡ ከዚያች ልጅ አንገት ወርዶ አያውቅም።

"እሱስ?" አልኳት።

"ምድር ላይ ያቆያት እሱ ነው" አለች። ወደ ሚዛኑ ዞር ብላ አየች። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ክታቡን በእጇ ጨብጣ እንደገና ተሰለፈች።

ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ከመስመሩ በታች ቆመ፣ ለጥቂት። ጤና ረዳቱ የተላጨውን ራስ አየ፣ እርቃኗን አየ፣ ምንም ሳይጠይቅ አምባሩን አሰረላት። እናቴ መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

"አልሐምዱሊላህ" አለች። "ቀለለችልኝ።"

ጁፒተር ላይ ሰው ከገዛ ክብደቱ የተነሳ መቆም ያቅተዋል ይላሉ፤ እንደ ጉድ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ልጇ ስለቀለለች ፈጣሪዋን ያመሰገነች እናት ያየሁት እዚሁ ምድር ላይ ነው።

ሐያት ስልኳን እንደያዘች ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ ያንቺ ቀረ። ጨረቃ ላይ..."

ዛሬ ደልደል ያለችው ሰዓዳ ያን ቀን የምታውቀው ከእናታችን አፍ ነው። "ጨረቃውን ተይው" አለቻት። "ከባድ የምሆንበት የቱ ነው?"

"ጁፒተር። ሁለት እጥፍ ተኩል።"

"እዚያ መዝግቢኝ።"