ማንም ያልሞተበት መዝገብ

ጎንደር ሆስፒታል ካርድ ክፍል የገባሁ ቀን አለቃዬ አቶ ምትኩ መጀመሪያ ያሳዩኝ መሰላሉን ነው። ካርዶቹ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። «ከላይ ያሉት የቆዩ ታካሚዎች ናቸው፣ ከታች ያሉት አዳዲሶቹ» አሉኝ። «ካርዱ የጠፋበት ሰው ለሐኪሙ ዛሬ የተወለደ ነው። ምን ታሞ እንደነበር፣ ምን እንደዋጠ የሚያስታውስለት የለም። ስለዚህ አደራሽን አታጥፊ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያው ሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ካርድ ክፍል ያስገባኝ ቁጥር አለመርሳቴ ነው። ወለል እየወለወልኩ የማን ካርድ የት እንደገባ በዓይኔ እይዝ ነበር፤ አቶ ምትኩ ሲጠፋባቸው እነግራቸዋለሁ። አንድ ቀን «መወልወያውን አስቀምጪና ነይ» አሉኝ፣ ሄድኩ።

እንግሊዝኛውን ማንም አላስተማረኝም። ካርዱን ከባለቤቱ ጋር አስተያያለሁ። በዳሌያቸው የሚያነክሱ ሰዎች ካርድ ላይ አንድ ቃል ደጋግሜ ካየሁ፣ ያ ቃል ዳሌ ነው። ጉልበታቸውን ይዘው የሚገቡት ካርድ ላይ ሌላ ቃል ካየሁ፣ እሱ ጉልበት ነው። ግራና ቀኝ በአንድ አንድ ፊደል ይጻፋሉ። አልተሳሳትኩም አልልም። ሰውን ሁሉ የሚይዝ ክፉ በሽታ መስሎኝ ለወራት ስፈራው የኖርኩት ቃል ለካ «ቀጠሮ» ኖሯል።

የመገጣጠሚያ መሸርሸር እኛ ዘንድ ስሙ ብዙ ነው። ቁርጥማት ይሉታል፣ ሪህ ይሉታል፣ እርጅና ብለው የሚተዉትም አሉ። በአጥንትና በአጥንት መካከል ያለው ልስልስ ነገር ያልቅና አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ሐኪሞቹ ያለቀውን አውጥተው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ያስገባሉ። ሰው በአጭሩ «ብረት ገባለት» ይላል።

ይህን ቀዶ ሕክምና የሚሠሩት ዶክተር ኃይሉ አንድ ቀን ወፍራም መዝገብ ይዘው መጡ። «ይህ ብረት ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ውጭ አገር ተጽፏል» አሉኝ። «የእኛ ሰው ግን ገደል ይወርዳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ቁጢጥ ይላል፣ ይሰግዳል። የእኛን እኛ ካልጻፍነው ማን ይጽፍልናል?» ሥራዬ ብረት ለገባላቸው ሁሉ በየዓመቱ እየደወልኩ ሦስት ነገር መጠየቅ ሆነ። በሕይወት አሉ? ይሄዳሉ? ያማቸዋል?

የመጀመሪያውን ስልክ ደወልኩና እንደታዘዝኩት «እናትሽ በሕይወት አሉ?» አልኩ። ያነሳችው ልጅ ጩኸቷን ለቀቀችው። «ምን ሰማሽ? ማን ነገረሽ?» ትላለች። እናትየው አጠገቧ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዬን አለዘብኩት። «ደህና ናቸው?» እል ጀመር።

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል። ደህና ብዬ እጽፋለሁ።

ከሁሉም የምወዳቸው የትክል ድንጋይዋ እመት ዘውድነሽ ነበሩ። ከሆስፒታል ሲወጡ ፊቴን ሳም ሳም አድርገው «የሆስፒታሏ ልጄ» ብለውኛል። ስልክ የሚያነሳው ልጃቸው ሙሉቀን ነው። በየዓመቱ «ደህና ናት» ይለኛል። «እስቲ ስጠኝ ላናግራቸው» ስለው «ገበያ ወርዳለች» ይላል። በዓመቱም ገበያ ወርደዋል፣ በሌላውም ዓመት እንዲሁ። ለዶክተር ኃይሉ «እኒህ ሴትዮ እኮ ከገበያ አልጠፋ አሉ፤ ብረቱስ ሸጋ ነው» ብዬ አስቄያቸው ነበር።

እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት ሄደ። ከዚያ ሐጂ ኑሩ መጡ።

ሐጂ ኑሩ አዲስ ዓለም ሰፈር ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። ቀኝ ዳሌያቸው ተሸርሽሮ አልቋል። ሱቁን ለልጃቸው ለሰዓዳ ለቀው፣ መስጊድ መሄድ ትተው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት። በልካቸው የሚሆን ብረት መጥቶላቸዋል። የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር የሚዘጋው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያን ካለፉ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። እሳቸው ግን አልፈርምም ብለዋል። ፒያሳ ሻይ ቤት የሚውሉ ወዳጆቻቸው «ብረት የገባለት ሰው ዓመት አይሞላውም» ብለዋቸዋል።

ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ስልክ የምትደውይው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ ሐጂ።»

«ብረት ከገባላቸው ስንቱ ሞተ?»

ኮራ ብዬ መዝገቡን ገለጥኩት። «ማንም።»

«ከጀመራችሁ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ስምንት።»

«አብዛኛው እንደኔ ሽማግሌ ነው?»

«አዎ።»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «እኔ በስምንት ዓመት ከሱቄ ግራና ቀኝ ያልቀበርኩት ጎረቤት የለም። ያውም ብረት ያልገባለት። ሞት ያንቺ መዝገብ ዘንድ ሲደርስ ምነው መንገዱ ጠፋው?»

ሰዓዳ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

«ወይ ትዋሺኛለሽ፣ ወይ አላየሽም» አሉ ሐጂ። «ፊትሽ የውሸታም አይደለም። እንግዲያ ሄደሽ እዪ። አይተሽ ስትመጪ ወይ እፈርማለሁ፣ ወይ ቤቴ እገባለሁ።»

አቶ ምትኩን የዓመት ዕረፍት ጠየቅኋቸው። «ዕረፍትሽን ሙታን ስትፈልጊ ልትጨርሺው?» አሉኝ።

«ሕያዋንንም ጭምር» አልኳቸው። ፈረሙልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ትክል ድንጋይ ሄድኩ። ገበያ ቀን ነበር፤ እመት ዘውድነሽን እዚያው አገኛቸዋለሁ ብዬ እህል ተራን ዞርኩ፣ ቅቤ ተራን ዞርኩ። የሚያውቃቸውን ስጠይቅ ሰው ዓይን ዓይኔን እያየ ወደ ቤታቸው ይጠቁመኛል። ሙሉቀን ማንነቴን ስነግረው ደነገጠ። አስገባኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ ከዚያ ወጥቶ አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤቱንና ባለቤታቸውን ይዞ ተመለሰ። ያኔ ገባኝ። ለእንግዳ ውሃ ለመስጠት ሽማግሌ አይጠራም።

«ልጄ» አሉ አያ ደሴ፣ «የሰው መጨረሻው ይኸው ነው፤ ጥናቱን ይስጥሽ። እመት ዘውድነሽ ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው።»

አልቅሼ ስጨርስ ሙሉቀንን «ምነው ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ? የሆስፒታሏ ልጄ ትልሽ ነበር። ልጅን እናትሽ ሞታለች ብሎ ስልክ የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው? ደግሞ ስትደውዪ እየሳቅሽ ነው።»

«ገበያውስ?»

«ታዲያ ሌላ ምን ልበል? በሕይወቷ ሳለች ከዚያ አትጠፋም ነበር።»

ፊቴን ጠራረግሁና እስክሪብቶዬን አወጣሁ። በምን እንደሞቱ ጠየቅሁት። በሳንባ ምች ነው። እግራቸውስ? «ያረፈችበት ሳምንት ሰኞ ለቅሶ ደርሳ በእግሯ ተመልሳለች» አለኝ። «ካላት አካል ሁሉ መጨረሻ የደከመው ያ እግር ነው።» በቀይ ጻፍኩት፦ ሞተዋል፤ አምስት ዓመት ሄደውበታል።

እየተመለስኩ መኪና ውስጥ መዝገቡን ገለጥኩ። ያ ሁሉ ደህና የጻፍኩት የራሴ ይሉኝታና የሌላው ሰው ይሉኝታ ተደምሮ ነው። እኔ ሞት እንዳይጠራ ብዬ ደህና ናቸው ወይ አልኩ፤ እነሱም መርዶ በስልክ እንዳይነገር ብለው ደህና አሉ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ጮክ ብዬ ራሴን እሰድብ ነበር።

መንገድ ያደረሰኝን ያህል ዞርኩ። ከተማ ውስጥ በባጃጅና በእግር፣ ወደ ደጋው በሚኒባስ። በስኳር የሞቱ አገኘሁ፣ በመኪና አደጋ የሞተ አገኘሁ፣ በዕድሜ ያለፉ አገኘሁ። ወለቃ ላይ ሁለቱም ጉልበቶቿ የተቀየሩላት ሸክላ ሠሪ ከፍ ያለ መቀመጫ አሠርታ ማሰሮ ስታበጅ አገኘኋት።

ዳባት የሄድኩት አያ አስረስን ፍለጋ ነው። ስልካቸው ተዘግቶ ሁለት ዓመት አልተገኙም ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ዶክተሩም በሆዳችን ቀብረናቸው ነበር። አህያ ጭነው ዳገት ሲወጡ አየኋቸው። እየሮጥኩ ብጠራቸው አይቆሙም። ስደርስባቸው ትንፋሼ ተቆርጧል። «ምነው እንዲህ ታለከልኪያለሽ?» አሉኝ። «ጉልበትሽን ያምሻል እንዴ? ጎንደር ሸጋ ሐኪም አለ።»

ደባርቅ ግን ሳቅ አልነበረም። መምሬ ገብሩ ዳሌያቸው ተሠርቶ ወደ ቤታቸው በገቡ በሁለተኛው ወር አርፈዋል። ቁስሉ ሞቀ፣ ከዚያ መግል ቋጠረ፣ ይሻላል እያሉ ጥቂት ቀን ቆዩ። ወደ ሆስፒታል ለመሄድ ሲነሡ ጊዜው አልፎ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እመት ጥሩወርቅ ናቸው።

«በየዓመቱ ደህና ናቸው ወይ የምትይኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እመት።»

«ደህና ናቸው ብዬሻለሁ፤ አልዋሸሁም። እሳቸው ደህና ናቸው። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።»

ጉልበታቸውን ሳምኩ። አስገብተው አስቀመጡኝና «ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉኝ። ሐጂ የሚባሉ ሰው እውነቱን ሳይሰሙ አልፈርምም ማለታቸውን ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ጻፊው» አሉ። «ሌላው ሰው ቁስሉ ሲሞቅ ቤቱ አይቀመጥ።»

ዝርዝሩ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አዲስ ዓለም ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ሰዓዳ ጨርቁን ወዲያ ገፍታ ቦታ ሠራችልኝ። እያንዳንዱን ስም አነበብኩ፦ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ በምን፣ እስከ መቼ እንደሄደ። ያላገኘኋቸውን ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ ባዶ መሆኑንም ነገርኳቸው። መምሬ ገብሩ ጋ ስደርስ ድምፄ ወረደ።

«ከፍ አድርጊው» አሉ ሐጂ። ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

መቁጠሪያቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩት። «አሁን መዝገብ ሆነ» አሉ። «ይህ ብረት ስንት ዓመት ያኖረኛል?»

«ማኖሩን አላውቅም ሐጂ። የሚኖሩትን ዕድሜ በእግርዎ እንዲሄዱበት ነው። ያን አይቻለሁ። ቁስሉ ከሞቀ ግን በዚያው ቀን ይመጣሉ።»

«በዚያው ቀን» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰዓዳ፣ ይህች ሴት በየዓመቱ ትደውላለች። የሞትኩ እንደሆነ ሞቷል በያት።»

«አባዬ፣ ተው እንጂ፤ ምን ያለ ንግግር ነው?»

«ገበያ ሄዷል እንዳትያት። አደራዬ ነው።»

በማግስቱ ፈረሙ። በስድስተኛው ሳምንት በአንድ ክራንች፣ በሦስተኛው ወር ያለ ክራንች ወደ መስጊድ ወረዱ። ፒያሳ ሻይ ቤት ለወዳጆቻቸው እንዲታዩ ሁለት ጊዜ በበሩ አልፈዋል አሉ።

እኔም አሠራሬን ለወጥኩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታካሚው በተገኘበት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይመረጣል፤ የሚመጣውን ዜና ክፉም ቢሆን በስልክ የሚነግረኝ እሱ ነው። ስሙ ካርዱ ላይ ይጻፋል። አቶ ምትኩ መጀመሪያ «ይህ በመመሪያው የለም» አሉ፤ ቆይተው ግን በየካርዱ ላይ መስመሩን በማስመሪያ ያሰመሩልኝ ራሳቸው ናቸው።

በአምስተኛው ዓመት ለሰዓዳ ደወልኩ።

«ሰዓዳ፣ ትርንጎ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ፣ እትዬ ትርንጎ።» ትንፋሿን እሰማለሁ። አልተጣደፍኩም። «አባዬ አደራ ስላለኝ ነው። ማክሰኞ ወደ አኼራ ሄዷል። ልቡ ነው። ጁምዓ ዕለት መስጊድ በእግሩ ሄዶ፣ በእግሩ ተመልሷል። ጻፊው።»

እሷ ስልኩን እንደያዘች በቀይ ጻፍኩት፣ አነበብኩላት። ከዚያ መዝገቡን ዘግቼ፣ ነጠላዬን ደርቤ ለቅሶ ሄድኩ።

ለአዲሶቹ የካርድ ክፍል ልጆች የምነግራቸው ይህን ነው። «ደህና» ሰላምታ ነው፤ ሰላምታ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ከመደወላችሁ በፊት እውነቱን የሚነግራችሁ ማን እንደሆነ እወቁ። ካላወቃችሁ ተነሡና ሂዱ።