አባቴን የት ላሳርፈው

አባቴ በሕይወት እያለ ነው መቃብር ፍለጋ የወጣሁት። ይሄን ስናገር "በስመአብ! ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?" የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። የእኛን ኑሮ ያልኖረ ሰው አይገባውም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነው። ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ፣ ቀለምና ሚስማር ከምሸጥባት ሱቅ ጀርባ ባለችው ሳሎናችን ምሳ እየበላን ነበር። አባቴ የጎረሰውን ዋጠና "ለመሆኑ እኔን የት ነው የምትቀብሪኝ?" አለኝ። ወጡ ጨው አነሰው የሚል ሰው ነበር የሚመስለው።

"ምን ሟርት ነው በምግብ ላይ?"

"ሟርት አይደለም። የሳንባዬን ራጅ አብረን አይተነዋል። የት ነው የምትቀብሪኝ?"

 ምሳዬን ትቼ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

አባቴ የሰፈሩ እድር ዳኛ ነበር። ትልቅ ትንሹ "ጋሽ ዳኛ" ይለዋል፤ የኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ደግሞ "ኦቦ ዳኛ"። በወጣትነቱ ከደቡብ መጥቶ፣ ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ መካኒክነት ሠርቷል። እድራችን ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም አለ። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚያስተክለው፣ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ጎረምሶችን የሚመድበው አባቴ ነው። የሟቹን ሃይማኖት አይቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ወደ ሙስሊሞቹ መቃብር ወይም ወደ ጴንጤዎቹ ቦታ ያስሸኛል። ሰፈሩን ሲቀብር የኖረው ሰውዬ ራሱ የሚገባበት ስንዝር መሬት የለውም። ካቶሊክ ነዋ! ቁምስናችን፣ አጥቢያችን ማለት፣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽና አንዲት ጠባብ ግቢ ናት። መቃብር የላትም። ከእኛ ሰው ሲሞት ወይ አዲስ አበባ ወዳለው የካቶሊክ መቃብር ይሄዳል፣ ወይ ወደ ትውልድ አገሩ ይጫናል።

እናቴ ግን ኦርቶዶክስ ነበረች። ተጋብተው ሲኖሩ እሷም የሷን አልተወች፣ እሱም የሱን አልተወ። እኔ አባቴን ተከተልኩ። ቤታችን ውስጥ በሃይማኖት የተነሳ ድምፅ ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም፤ በጨው ብዛት ግን ብዙ ጊዜ። እናቴ ስትሞት ከቤታችን ብዙም በማይርቀው ቤተ ክርስቲያኗ ተቀበረች። አባቴ በየሳምንቱ ሄዶ መቃብሯ ዳር ይቆማል። ያን እሁድ ወደ በረንዳ ተከትሎኝ ወጥቶ ፍላጎቱን ግልጥልጥ አድርጎ ነገረኝ።

"ከእናትሽ ጎን ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ግን እነሱም ደንብ አላቸው፣ እኔም እምነት አለኝ። እዚሁ ከተማ፣ በራሴ እምነት፣ እሷ ካለችበት ማዶ ቢሆን እንኳ ይበቃኛል። ሩቅ አትውሰዱኝ።"

እንግዲህ ይቺን ነው የጠየቀኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ እግሬ አላረፈም።

ቁምስናችን ለመቃብር የሚሆን መሬት እንዲሰጠን ካመለከተ ቆይቷል። አባ፣ ማለቴ የቁምስናችን ካህን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። "ይጠብቁ ተብለናል" ይላሉ። እኔ ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር ከተፈጥሮዬ የለም። ሱቄን ለጎረቤት አደራ እያልኩ ቡራዩ የመሬት ቢሮ ሄድኩ። ቡራዩና ሰበታ በአንድ ከተማ አስተዳደር ሲጠቃለሉ ጉዳያችሁ ወደ ሰበታ ሄዷል አሉኝ። በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና፣ በዓለም ገና አድርጌ፣ ከታክሲ ታክሲ እየዘለልኩ ሰበታ ደረስኩ። ሰበታ ደግሞ "እኛ ጋ አልደረሰም" አሉ። ተመልሼ ቡራዩ! እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። የቡራዩ ቢሮው ሠራተኛ፣ የእኔ ታናሽ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ፣ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል "እናቴ፣ ቦሩ ኮታ" ይለኛል። ነገ ይምጡ ማለቱ ነው። የሱ ቦሩ ግን ነግቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ደም ብዛቴ ተነሳ። "ስማ፣ እንደ እምነቴ እንድኖር ሕጉ ፈቅዶልኛል አይደል? ስሞትስ? ስሞት እምነቴን በር ላይ ላስቀምጠው ነው?" አልኩት። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጁም "እናቴ፣ ይረጋጉ" አለኝ። እኔ ደግሞ ተረጋጊ ሲሉኝ ነው የሚብስብኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰው ከኦርቶዶክሱ ያለንን ልዩነትም አያውቀውም። ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፣ ሴቶቻችን ነጠላ ለብሰው ነው የሚመጡት። ሰፈሩ አዲስ የሆነበት ተከራይ በጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ፣ የቁምስናችንን በር ተሳልሞ ይገባል። አንዷ ወይዘሮ እስከ መሀል ቅዳሴ ስትሰግድ ቆይታ፣ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ስም ሲጠራ ደነገጠች። ግራ ቀኝ አይታ፣ ጫማዋን አንጠልጥላ ውልቅ! አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። "ለአምላክ የሰገደችው አይባክንባትም" አለ።

አክስቴ የመጣችው አባቴ አልጋ ከያዘ በኋላ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሰበታ ትኖራለች። አባቴን ትወደዋለች፤ እህቷን በክብር ስለያዘላት። ጠበል በጀሪካን ይዛ መጥታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ጋሼ፣ እህቴ ብቻዋን ተኝታለች" አለችው። "የእኔ የንስሐ አባት ደግ ሰው ናቸው። እዚሁ መጥተው ቀስ አድርገው ያስተምሩዎታል፣ ይጠመቃሉ፣ በቃ። ማንም አያውቅም። ጊዜው ሲደርስ ከሚስትዎ ጎን ያርፋሉ።"

አባቴ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። "ማንም አያውቅም አልሽ? እኔ አውቅ የለም እንዴ?"

"በሞቴ ጋሼ፣ ለእሷ ሲሉ!"

"አንዴ ተጠምቄያለሁ። ሁለተኛ ብጠመቅ፣ የመጀመሪያው ውሸት ነበር ማለቴ ነው። እህትሽን ያገባኋት በመጀመሪያው ነው። አብሬያት የኖርኩትም በመጀመሪያው ነው። እሷ በነበረችበት ጊዜ ያልተውኩትን አሁን ለመሬት ብዬ ልተወው?"

አክስቴ "ግትር!" ብላ እያለቀሰች ወጣች። እኔም እስከ በሩ ተከትዬ ጮህኩባት። "በሽተኛ ሰው ላይ እንዲህ ይደረጋል?" አልኳት። "እኔ የእህቴን ባል ከእህቴ አጠገብ አስተኙት ነው ያልኩት! ምን ክፉ ተናገርኩ?" አለችኝ። ምንም ክፉ አልተናገረችም። አንጀቴን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ዱላ ይዞ የመጣ ሰው ቢሆን በሩን እዘጋበት ነበር። ጠበል ይዛ፣ እያለቀሰች የመጣችን አክስት በምን ትመልሻታለሽ?

ክረምቱ ገባ። የመጨረሻ ተስፋዬ ሱሉልታ ነበር። እዚያ ሰፊ ግቢ ያላቸው የእኛ ሴት መነኮሳት፣ ሲስተሮች፣ አሉ። ከእናቴ የራቀ ቢሆንም፣ ከምንም ይሻላል ብዬ ሄድኩ። በአዲሱ ገበያ አድርጎ ሚኒባሱ ዳገቱን ወጥቶ ሜዳው ላይ ሲደርስ፣ እዚያ የሚለማመዱት ሯጮች በዝናብ ይሮጣሉ። እነሱስ ሲጨርሱ ሜዳልያ አላቸው፤ እኔ የምሮጠው ለጉድጓድ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ትልቋ ሲስተር እጄን ይዛ አዳመጠችኝ። የመቃብር ፈቃዱ ለሲስተሮች ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ብትቀብር ግቢውንም ችግር ውስጥ እንደምትከት ነገረችኝ። እየተነጋገርን ስልኬ ጮኸ። ጎረቤቴ ናት። "ቶሎ ነይ" ብቻ አለችኝ። ከድምፅዋ ገባኝ።

መመለሻው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ያዘግማል። ውረጂና ግፊው ቢሉኝ እገፋው ነበር። አባቴ ሲሞት አጠገቡ አልነበርኩም። አባቴን የማሳርፍበት ስፈልግ፣ ሲያርፍ ሳላየው ቀረሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰፈር ስደርስ ጡሩምባው ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል። የእድሩ ጎረምሶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክተው ቆመዋል። አንደኛው እንባውን በክንዱ እየጠረገ "አይዞሽ፣ ጋሽ ዳኛ ከእማማ ጎን ነው የሚያርፉት። ቆፍረን ጨርሰናል" አለኝ።

ጉድ ፈላ! ካቶሊክ መሆኑን ያውቃሉ፤ ካቶሊክ እዚያ ግቢ እንደማይቀበር ግን አንዳቸውም አላሰቡም። ሲጾም ያዩታል፣ በግዕዝ ሲጸልይ ይሰሙታል፣ በየሳምንቱ ከሚስቱ መቃብር አጠገብ ቆሞ ያገኙታል። ሌላ ቀን እሱ ነው የሚያዝዛቸው፤ ያን ቀን የሚያዝዝ ሲጠፋ፣ የመሰላቸውን አደረጉ። ልቆጣቸው አፌን ከፍቼ ለቅሶ ነው የወጣኝ።

ብዙም ሳይቆይ የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ላኩብን። ጉድጓዱን አይተዋል። የሟቹ የንስሐ አባት ይምጡ አሉ። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ የንስሐ አባት መጥቶ "ልጄ ነው" ሳይል ቀብር የለም። እኔ፣ አክስቴ፣ የእድሩ ምክትል ዳኛና የእኛ አባ ሆነን ሄድን። አለቃው ጃንጥላ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሽማግሌ ናቸው፤ በስንቱ ቀብር ላይ ከአባቴ ጋር ቆመዋል።

"ጋሽ ዳኛ ወንድሜ ነበሩ" አሉ። "ግን መጠየቅ አለብኝ። የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው?"

ይሄን ብለው ያዩት እኔን አይደለም፤ አክስቴን ነው። የአክስቴ የንስሐ አባት ሰበታ ናቸው። "የእኔው አባት ናቸው" ብትል በቃ፣ አለቀ። ምክትል ዳኛው ጫማውን ያያል። ሽማግሌው ራሳቸው እንድትልላቸው የፈለጉ መሰለኝ። የእኔም ልብ አላረፈም፤ አንዴ "በይው!" ይላል፣ አንዴ "እንዳትይው!" ይላል። የእናቴ መቃብር እዚያው፣ ከግንቡ ኋላ ነው። አጠገቡ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ዝናብ ይገባበታል።

አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። "የንስሐ አባታቸው እኚህ ናቸው" ብላ የእኛን አባ አሳየች። "ካቶሊክ ነበሩ። እኔ ይመለሱ ብዬ ለምኛቸው እምቢ አሉኝ። በአፋቸው የከለከሉኝን፣ ዝም ካሉ በኋላ አልቀማቸውም።"

አለቃው ጃንጥላቸውን ወደ እሷ አዘነበሉ። ከዚያ "እግዚአብሔር ያክብርሽ" አሏትና ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ አትቀየሚኝ።" አልተቀየምኳቸውም። ቤታቸው ነው፣ ደንባቸው ነው። የእነሱን ደንብ አስገድጄ ካስፈረስኩ፣ ነገ ሌላው መጥቶ የእኛን ሲያፈርስ ምን አፍ ይኖረኛል? የጎደለን የራሳችን መሬት ነው። እሱን ደግሞ የከለከለን ቢሮው እንጂ አለቃው አልነበሩም።

ጎረምሶቹ ጉድጓዱን በዚያው ዝናብ መልሰው ሞሉት። በማግስቱ አባቴን አዲስ አበባ ወስደን ቀበርነው። እድሩ አንድ ሰው ሳይቀር መጣ፤ ሙስሊሞቹም ጴንጤዎቹም። አባ ፍትሐቱን በግዕዝ ሲያደርሱ አክስቴ ስትሰግድ አየኋት፤ ማንም አልከለከላትም። አባቴ ግን "ሩቅ አትውሰዱኝ" ብሎኝ ነበር፤ ሩቅ ወሰድኩት። ዛሬ እሱ ጋ ለመድረስ ታክሲ መቀያየር አለብኝ፤ በበዓል ጠዋት እናቴ ጋ ደርሼ ወደሱ ስሮጥ ቀኑ ያልቅብኛል።

ከተዝካሩ በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት አክስቴ ከሰበታ ተነስታ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ጉልበቷን ያማታል፣ በዱላ ነው የምትሄደው። "ተነሺ፣ ወደዚያ ቢሮ ውሰጂኝ" አለችኝ።

"አክስቴ፣ ምን ልታደርጊ? እኔ ለፍልፌ ለፍልፌ ትቼዋለሁ።"

"አንቺ መጮህ እንጂ መቀመጥ አትችይም። እኔ እቀመጣለሁ።"

ወሰድኳት። ያው ልጅ፣ ያው ስልክ። "እናቴ፣ ቦሩ ኮታ" አላት። አክስቴ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ቁጭ አለች፣ ዱላዋንም ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። ለካቶሊኮቹ የመቃብር መሬት ልትጠይቅ እንደመጣች ነገረችው። ልጁ አንገቷ ላይ ያለውን ማተብና መስቀል አየት አደረገ።

"እርስዎ ካቶሊክ ነዎት እንዴ?"

"ማርያምን፣ አይደለሁም።"

"ታዲያ ምን አገባዎት?"

"እኔ ምን ቸገረኝ፣ ቦታ አለኝ፤ እህቴ ያለችበት ግቢ" አለችው። "የሌላት ይቺ ልጅ ናት። ስትሞት የት ልትጥሏት ነው?"

ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም ደንግጬ ቆምኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የምሮጠው ለአባቴ ብቻ ይመስለኝ ነበር።