ባሕር ዛፉና የጽዋው ጠላ

ድሮም አርፌ መቀመጥ አልችልም። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺን ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የወለድኋት?» ትል ነበር። ያን ሰሞን ግን ባሰብኝ። ባሕር ዳር ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ፎቅ ይሠራል፤ ዙሪያውን የደገፈው አጠና ሁሉ ከአባቴ ማሳ የተቆረጠ ይመስለኛል።

ሥራዬ ጥናት ነው። ገበሬዎች ተደራጅተው ባሕር ዛፍ ሲተክሉና አብረው ሲሸጡ ምን እንደሚጠቀሙ አጠናለሁ። በቁንዝላ መንገድ ያለው ያደግሁበት ቀበሌም ከማጠናቸው አንዱ ነው። ቀድሞ ነጋዴው አንድ በአንድ እያገኘ በፈለገው ዋጋ ይገዛቸው ነበር፤ ማኅበር ካቋቋሙ ወዲህ ዋጋ የሚቆርጡት እነሱ ናቸው። አባቴም መሬታቸው ኮምጥጦ ያለ ማዳበሪያ አላበቅል ቢላቸው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተከሉ። ዘንድሮ ዛፉ ደርሶ ተቆረጠ፤ ጉቶው እንደገና ያቆጥቁጥ ወይስ ይነቀል የሚለው ገና አልተወሰነም ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ደወለችልኝ። ባሏ የሞተባት፣ እንደ ታላቅ እኅት ያሳደገችኝ ሴት ናት።

«አባትሽ ጉቶውን ነቅለው ዳጉሳ ሊዘሩ ነው አሉ» አለችኝ። «እሑድ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊናገሩ ነው። እሳቸው ከወጡ ማን ይቀራል? የኔ ብቻውን ግማሽ መኪና እንኳ አይሞላ።»

ልጇን ባሕር ዳር የምታስተምረው በዛፉ ነው። በማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝሁ። መንገዱ እንደ ልማዱ ሲንጠን ዋለ፤ በየቦታው እየቆመ ሰው ከሚጭነው ሾፌር ጋርም ስጨቃጨቅ ደረስሁ።

አባቴን ደጅ ተቀምጠው ዶማ ሲስሉ አገኘኋቸው።

«አባዬ፣ እውነት ሊነቅሉት ነው?»

«ውሃ እንኳ ሳትጠጪ?» አሉ።

«ይህ ቆርቆሮ ቤት ከየት መጣ? የታከሙበት ገንዘብስ? ከዳጉሳ ነው?»

«ከዛፉ ነው። ማን ካደ?»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ዶማቸውን መሳል ቀጠሉ። ግቢውን ስዞር ስዞር የጎተራውን ክዳን ገለጥሁት፤ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ዶማውን አስቀመጡ።

«ባለፈው ወር የማርያም ጽዋ ተራዬ ነበር» አሉ። «ለጠላው የሚሆነውን ዳጉሳ ከገበያ ሸመትሁ። በአህያ ጭኜ በጠራራ ፀሐይ በሰው ፊት ገባሁ። ያየኝ ሁሉ ‹ምነው፣ ደኅና አይደሉም እንዴ?› አለኝ። ገበሬ ሲሸምት የታመመ ነው የሚመስላቸው። ጽዋውን ሳነሣ እጄ ከበደኝ።»

«እህል እህል ነው» አልሁ። «ማርያም ከየት አመጣችሁት ብላ ትጠይቃለች?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእናትሽ ተዝካር የተደገሰው ከዚህ ማሳ በወጣ ዳጉሳ ነው። የኔንስ በምን ልትደግሺው ነው? በገበያ እህል?»

ስንቱን ገበሬ ስጠይቅ ኖሬ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴም ስለ ሞታቸው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፈራሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ከኋላ ቆሜ የነጠላዬን ጫፍ አኝካለሁ። ጎረቤታችን አንገቷን ደፍታለች። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው።

«ዛፉ ያቆጥቁጥ፤ አልወጣም» አሉ። «ልጅ የሚማርበት ነገር ነው። ግን ከቤቴ በኩል ያለችውን ጥግ ተዉልኝ፤ የጽዋዬን እዘራባታለሁ። ዳግመኛ ሸምቼ አልገባም።»

ከወደ ጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እርስዎስ በፀሐይ ገቡ፤ እኔ ሲጨልም አይደል የማስገባው» አሉ። ሣቅ ሆነ። ለካ ሁሉም ሲሸምት፣ ሁሉም ሲደብቅ ኖሯል። ሣቁ ሲበርድ ለየቤቱ አንዳንድ ጥግ እንዲተው፣ ሌላው ሁሉ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ተስማሙ። ጎረቤታችን ተነሥታ የአባቴን ጉልበት ልትስም ስትል ከለከሏት።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ዶማቸውን ይዘው ወደ ጥጓ ሄዱ። ተከትዬ ነጠቅኋቸው። የባሕር ዛፍ ጉቶ መንቀል እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ሥሩ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው ይዞ ይቀራል። እጄ ውሃ ቋጠረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱን ነቀልሁት። አባቴ የተነቀለው ጉቶ ላይ ተቀመጡና ጥጓን ዳር እስከ ዳር አዩዋት።

«ለተዝካሬ ትበቃለች» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

«ለጽዋ ነው የተባለው» አልኋቸው።

«ለጽዋም ትበቃለች።»

ዶማውን አንሥቼ ወደ ሁለተኛው ጉቶ ሄድሁ።